የአዴ ዘይነብ አረንጓዴ ብረት

እኔን የማያውቅ የድሬ ሰው ካለ፣ ወይ አዲስ ገብ ነው ወይ ቬንትሌተሩ ተበላሽቶበት አያውቅም። ግርማ ነኝ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቄ ገብቶ ሳይሽከረከር የወጣ ቬንትሌተር የለም፤ እኔ ባልኖር ይሄ ከተማ ግንቦት ላይ ቀልጦ በደቻቱ ወንዝ በኩል ይፈስ ነበር። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያየን፤ ጥፋቱ የሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያወቅኩትን ሁሉ በራሴ ነው ያወቅኩት። ፈረንሳይኛውን ከባቡር ጡረተኞች፣ ሶማሊኛውን ከደንበኞቼ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት። ኤሌክትሪኩን ደግሞ ራሱ እየያዘ ነው ያስተማረኝ።

ይሄን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ያኔ ምን አይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። ሰው ጠይቆኝ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም ነበር። አላውቅም ከምል አንድ ነገር ፈጥሬ ብናገር ይሻለኛል። ስፈጥር ደግሞ አሳምሬ ነው።

ሰፈራችን የሸሚኖ ሰፈር ነው። ሸሚኖ የምንለው የድሮውን የባቡር ሰራተኛ ነው። ሸሚኖዎቹ እያረጁ፣ አንድ በአንድ እየሄዱ ሲያልቁ፣ ልጆቻቸው ፋኖሱንም ፊሽካውንም ለቆራሌው መስጠት ጀመሩ። ይሄኔ ጋሽ ወልዴ፣ ድሮ የጣቢያ ሹም የነበረው፣ የቀሩትን ሽማግሌዎች ሰብስቦ የቅርስ ማህበር አቋቋመ። (አንቱ ያላልኩት ንቄው አይደለም። ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ካልክ ተጣልተኸዋል ማለት ነው።) ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ስር፣ አንድ የድሮ መጋዘን ለመኑና ተሰጣቸው። እኔ አባቴ ሸሚኖ ስለነበር ሳይጠሩኝ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ሰቀልኩላቸውና በዚያው አስጎብኚ ሆኜ ቀረሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለሱ ታሪኩ አይገባችሁም። የሸሚኖ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ፉርጎ ተቀብቶ የተረፈውን ቀለም አባቶቻችን ወደ ቤት ያመጡት ነበር። አልጋው አረንጓዴ፣ የከሰል ምድጃው አረንጓዴ፣ የዶሮው ቤት አረንጓዴ። እኔ ልጅ ሆኜ ታምሜ ስተኛ፣ እናቴ አባቴን እሱንም እንዳትቀባው ብላው ነበር ይባላል። ስለዚህ ማህበራችን አረንጓዴ የተቀባ ብረት ሲመጣለት «ይሄ ምንድነው?» ብሎ አይጠይቅም። «የባቡሩ የቱ ጋ ያለው ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ያ ብረትም እንደዚሁ ነው የመጣው። ኢብራሂም የሚባል የወርክሾፕ ቀለም ቀቢ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ባለቤቱ አዴ ዘይነብ (አዴ እማማ እንደማለት ነው) ጅቡቲ ሴት ልጇ ጋ ከርማ ሳለ፣ ወንዱ ልጅ ቤቱን ሊያድስ ብሎ የአባቱን እቃ በጋሪ ጭኖ አመጣልን። መሰላል፣ ብሩሽ፣ ቆርቆሮ፤ ከስር ደግሞ አንድ ድቡልቡል ብረት። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ታቹ በሲሚንቶ እግር ተሰርቶለት ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ የሦስት ዓመት ህፃን የሚያህል። ቀለሙ ያው። ጋሽ አብዲ፣ የወርክሾፑ ፎርማን የነበረው፣ መነጽሩን አድርጎ ዞረውና የውሃ ፓምፕ አካል ነው ብሎ ፈረደ። ጋሽ አብዲ ብረት ላይ ከፈረደ ይግባኝ የለውም።

እኔ ግን ፓምፕ አነሰብኝ። ፓምፕ ለማየት ማን ይመጣል? «የባቡሩ ልብ» አልኩት። እንፋሎቱ በዚህ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል፣ ይሄ ካልመታ ባቡሩ ከድሬ ንቅንቅ አይልም። ጎብኚ ሲመጣ መዶሻ አነሳና ሦስቴ እመታዋለሁ፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። «ልቡ ሲመታ ሰማችሁ?» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ሆ ብዬ ከመሬት አንስቼ ደረቴ ላይ አቅፈዋለሁ። ይሄን ልብ የሚሸከም ወንድ አለ? እላለሁ። ጭብጨባ ነው። የተማሪ መዓት መጥቷል፣ ሙሽሮች ለፎቶ መጥተዋል፣ ፈረንጅ መጥቷል፤ ለሁሉም መትቻለሁ።

ያን ቅዳሜ የማህበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። ከምሳ በፊት ነው፤ ከምሳ በኋላ በርጫ፣ የጫቱ ሰዓት፣ ስላለ ሽማግሌ ስብሰባ አይቀመጥም። የጫቱ እስር እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ካለው ፍራሽ አጠገብ ተቀምጧል፤ ዓይናቸው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ጋሽ ወልዴ ሪፖርቱን ሲያስረዝመው እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው፤ ግርማ ተነስ ቀስቅሳቸው ብሎ አዘዘኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት። መዶሻዬን አንስቼ ቃ፣ ቃ፣ ቃ አደረግኩና ልቡን አቅፌ እየተወዛወዝኩ የባቡር ዘፈን መዝፈን ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ ያጨበጭባሉ። በሩ ላይ አንዲት ሻሽ ያሰረች፣ ነጠላ የለበሰች፣ ቀጭን ረጅም ሴትዮ ቆማለች። አዴ ዘይነብ። ከጅቡቲ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው፤ እቃዋን ቤት አጥታ፣ ልጇን ጠይቃ፣ ወደኛ መምጣቷ ነው።

አየችኝ፣ አየችኝና፣ ምንም ሳትቆጣ፣

«ልጄ» አለችኝ፣ «ቦንባችንን ለምንድነው አቅፈህ የምትጨፍረው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። እንደኔ የምትቀልድ ሰው ተገኘች ብዬ ደስ አለኝ። «አዴ፣ ይሄ የባቡሩ ልብ ነው» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ገባችና ወንበር ይዛ ተቀመጠች፣ መንገድ እንደደከመው ሰው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ልብስ እያጠበች ሳለ ጓሮዋ ላይ እንደወደቀ ነገረችን። መሬቱን ሰርስሮ ገባ፤ ሳይፈነዳ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ ሲሸሽ ኢብራሂም ቀስ ብሎ ቆፍሮ አወጣው። ሊገድለን መጥቶ ያልገደለን እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አይባረርም አለ። ጫፉን በስቱኮ ደፈነው፣ እንዳይወድቅ በሲሚንቶ እግር ሰራለት፣ ቀለም ቀባው። ሞቷል፣ አትፍሪው አላት። ከአልጋቸው ስር ነው የኖረው። ልጆች ሲወለዱ እዚያው አልጋ ላይ ተወልደዋል።

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እኔ ላይ ገና የሚስቁ አሉ። «እውነቷን ሳይሆን አይቀርም» አልኩ፤ ባሰባቸው። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ ያን ቀን እውነት ብናገር ማን ይመነኝ? ጋሽ አብዲ ተቆጣ። እኔ ያልኩትን ነው የምታፈርሱት፣ ፓምፕ ነው ብያለሁ አለ። አዴ ዘይነብም አልተከራከረችውም። ታቹ ጋ፣ ከሲሚንቶው ከፍ ብሎ፣ ቀለም ያልያዘው ቀይ ቀለበት አለ፣ እሱን እይ አለችው። ኢብራሂም ያንን ቢቀባው ቢቀባው ቀለሙ እየተላጠ አስቸግሮት ነበር።

ጋሽ አብዲ ተነስቶ መጣ። መነጽሩን አደረገ። እኔ አቅፌው እንደቆምኩ ጎንበስ ብሎ፣ በጥፍሩ ቀለሙን ፈቅፈቅ አድርጎ አየ። መዳብ ነው፤ ዙሪያውን መድፍ ሲተኮስ የሚተወው አይነት ቀጫጭን ገዳዳ ጭረት አለበት። ጥፍሩ እዚያው ላይ ቆመ። ከላይ ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እንዲህ ያለ ቀለበት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባቡር ላይ የለም።»

ወገኖቼ፣ ደም ከሰው ፊት እንዴት እንደሚወርድ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከጋሽ አብዲ ፊት ወረደ። እጄ ላይ ያለው ነገር በአንድ ጊዜ ክብደቱ የተለወጠ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ መዶሻው ትዝ አለኝ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ስንት ተማሪ ፊት፣ ስንት ሙሽራ ፊት። ልጆቹን «ጠጋ በሉ፣ ልቡን አዳምጡ» ብዬ ጆሯቸውን ያስጠጋሁበት ቀን አለ። ላስቀምጠው ብዬ ጎንበስ ስል፣ አንዱ አታስቀምጠው አለኝ፤ ሌላው አስቀምጠው አለኝ፤ ሦስተኛው ወደ ውጪ ይዘኸው ሩጥ አለኝ፣ ራሱ ቀድሞ እየወጣ። ሩጬ ብወድቅስ? ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ጋሽ ወልዴ የጣቢያ ሹምነቱ ያኔ ነው የታየው። ጭራሽ አልጮኸም። ባቡር እንደሚያስወጣ ሰው እጁን አንስቶ፣ ከበሩ አጠገብ ያላችሁ መጀመሪያ፣ ከዘራ ያላችሁ ቀጥሎ አለና አወጣቸው። አንዱ ሽማግሌ ከበር ተመልሶ የጫት እስሩን ይዞ ወጣ፤ ማንም አልተናገረውም። ጋሽ ወልዴ እየደወለ ከዛፉ ማዶ ሄደ። ከፖሊስ ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ሌላ አዛወሩት። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፤ አንዴ ያስረዳል፣ አንዴ ይለምናል፣ አንዴ «ቀልድ አይደለም ጌታዬ» ይላል። ከዚያ እጁን ወደኔ ዘርግቶ፣ ቆይ፣ እንዳትነቃነቅ ይለኛል። የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ማለቱ ነው።

ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ ብዬ ነበር። ዞር ስል ጋሽ አብዲ ተቀምጧል፣ አዴ ዘይነብም ተቀምጣለች። ውጡ አልኳቸው። ጋሽ አብዲ ፓምፕ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለኝ። አዴ ዘይነብ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን ከላዩ ተኝቼ፣ አሁን አንተን ፈርቼ ልውጣ ወይ አለች። አነጋገሯን ስሰማ ቦንቡ እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ መጥረጊያ እጅ የለኝም። የኢብራሂም ቀለም ላብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ትንሽ ትንሽ ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ በሆዴ ገፋ እያደረግኩ እመልሰዋለሁ። ቀልድ ልናገር ፈለግኩ፣ ወላሂ አንድም አልመጣልኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚህ መሀል የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ያለው ስልኬ ጠራ። ድምፁን ቀንሼዋለሁ፤ ንዝረቱን ግን አላጠፋሁም። በደረቴና በብረቱ መካከል ሆኖ ድርርርር ይላል። ብረቱ አብሮት ያንጎራጉራል። ጥርሴን ነክሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አዴ ዘይነብ ተነስታ መጣች፤ በሁለት ጣቷ፣ ከተኛ ህፃን ስር ጨርቅ እንደምታወጣ፣ ስልኩን ሳብ አድርጋ አወጣችው። አየችውና አነሳችው። ባለቤቴ ነበረች።

«ግርማ አሁን አቅፎ ነው ያለው» አለቻት። «ሲያስቀምጣት ይደውልልሻል።»

የዚያን አረፍተ ነገር ትርጉም ቤቴ ውስጥ ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ሌላ ታሪክ ነው። ብረቱን በወንድ ፆታ ብትጠራው ኖሮ ምን ነበረበት!

በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ በሩ ድረስ መጣ። የሚያውቅ ሰው ተገኝቷል። ከወዲያ ያለው ድምፅ የሻምበል ነው፤ እኔን ሰው ሁሉ ወጥቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ሽማግሌ አንወጣም ብለውኛል አልኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ ለስላሳ ነገር አንጥፉ፣ ቀስ ብለህ አጋድመው፣ ምንም ሳታነሱ ሁላችሁም ራቁ አለ።

ጋሽ አብዲ በስንት መከራ ተንበርክኮ የበርጫውን ፍራሽ እየጎተተ እግሬ ስር አመጣው። አዴ ዘይነብ መከዳዎቹን ግራና ቀኝ ደረደረች። እኔ መጎንበስ ጀመርኩ። ወገቤ እንዴት እንደጮኸ አልነግራችሁም። አንድ ጉልበት፣ ሌላው ጉልበት፣ ከዚያ ክርን። የሲሚንቶው እግር የፍራሹን ጠርዝ ነካና ገጭ አለ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ምንም። አጋደምኩት። እጄን ከስሩ ላወጣ ስል አልላቀቅ አለኝ፤ ጣቶቼ ደርቀው አልታዘዝ አሉኝ። አዴ ዘይነብ አንድ በአንድ ፈታችልኝ። «ሐበይብ፣ የኔ ውድ፣ በቃ» እያለች። ከዚያ ጋሽ አብዲን መሀል አድርገን ደግፈን ወጣን። ዛፎቹን አልፈን፣ መንገዱን አልፈን፣ የቆምነው ተሻግረን ነው። እዚያ ስደርስ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሻምበሉና አብረውት የመጡት በፒካፕ ከሁርሶ ጦር ሰፈር በኩል ደረሱ። ፖሊስ መንገዱን ዘጋ። ሻምበሉ ብቻውን ገብቶ ቆይቶ ወጣና፣ ማነው ያቀፈው አለ። ሁሉም ወደኔ ጠቆሙ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሸሚኖ አንድ ነው። ውስጥ ያለው መዶሻ የምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። ልዋሽ ነበር፤ አፌ ሞልቶ ነበር። ግን ነገርኩት። ሦስቴ፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር፣ እዚሁ ጫፉ አካባቢ።

ሻምበሉ ኮፍያውን አወለቀ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ነገር ያየ ሰው እንደሆነ ፊቱ ያስታውቃል፤ እኔን ግን እንደማያውቀው ነገር ነው ያየኝ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «እግዜር ሌላ ስራ ሁሉ ትቶ አንተን ሲጠብቅ ነው የከረመው።»

ከከተማ ውጪ፣ ሰውም ቤትም የሌለበት ሜዳ ወስደው እንደሚያፈነዱት ነገሩን። እኛም በባጃጅ ተከትለን፣ እዚህ ጋ ቁሙ ያሉን ርቀት ላይ ቆምን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ነገር ተስፋ አደርግ ነበር። ሞቶ ይሆናል። ሲያፈነዱት ፍስስ ብሎ ይቀራል፣ እኔም የምስቅበት አገኛለሁ። ጋሽ አብዲም ተስፋ ሳያደርግ አልቀረም፤ በከንፈሩ ፓምፕ ፓምፕ እያለ መሰለኝ። አዴ ዘይነብ እጇን ከነጠላዋ ስር አጣጥፋ ቆማለች። እቃዬን መልሱልኝ ብላ የመጣች ሴትዮ ናት፤ እንግዳዋን ልትሸኝ ቀረች።

መጀመሪያ መሬቱ ከእግሬ ስር ዘለለ። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደረቴን፣ እዚያው ያቀፍኩበት ቦታ ላይ፣ በጡጫ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ገፋኝ። አቧራው ሲነሳ ወፎቹ ሁሉ ከቁጥቋጦው ወጡ። ጋሽ ወልዴ ያለቅስ ነበር፤ እኔ የማየውን እሱም እያየ መሆን አለበት። ያን ሁሉ ተማሪ። የራሴን ሁለት ልጆች፣ አስጎብኝቻቸው፣ መዶሻውን ሰጥቼ እነሱንም አስመትቻቸዋለሁ።

አዴ ዘይነብ አቧራው እስኪወርድ ጠበቀች።

«ሞቷል ብሎኝ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ዘመን ከላዩ ስተኛ እንቅልፍ አልነሳኝም። ዛሬ ሲሄድ ነው የሚነሳኝ።»

በባጃጁ ስንመለስ ማንም አልተናገረም። እኔ ያለሁበት ባጃጅ ውስጥ ዝምታ ሲኖር የመጀመሪያው ነው፤ ሹፌሩ ዞሮ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን።

እንግዲህ የምታነቡኝ ወገኖች፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ማህበሩ እቃው ሁሉ በባለሙያ እስኪታይ ተዘግቶ ከረመ። ደግነቱ ሌላ አልተገኘም። ሰፈሩ ግን እንቅልፍ አጣ። ሰው ሁሉ አልጋው ስር እየገባ አረንጓዴ ነገር ያወጣል፤ ጎረቤቴ የገዛ ምድጃዋን ለፖሊስ ልታስረክብ ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ሌላ ነው። እናንተም አስቡት። ለእያንዳንዱ ብረት ወንዶቹን ጠይቀናል፤ ፎርማኑን፣ ሹሙን፣ ሹፌሩን። ብረቱ ግን የኖረው ቤት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቀው ደግሞ ከላዩ የምታነጥፈዋ ሴት ናት። አንድ ቀን እንኳ አንዷን ሴት ጠርተን «ይሄ ቤትሽ እንዴት ገባ?» ብለን አልጠየቅንም። አንዲት ጥያቄ ነበረች። እኛ ግን ፎርማን ፈርዷል፣ ግርማ አሳምሮታል፣ ምን ቀረ አልን። አሁን እቃ ሲመጣ የቤቱ ሴት ካልመጣች አንቀበልም። አዴ ዘይነብ ኮሚቴ ናት። በስብሰባ ላይ ጋሽ ወልዴን «አሳጥር» የምትለው እሷ ብቻ ናት።

እኔ ጉራዬን ትቻለሁ ብል አትመኑኝ። ቬንትሌተር ላይ አሁንም አቻ የለኝም። ግን ማህበሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ መጣች። አንዷ ተማሪ ባለሙያዎቹ አይተው ያለፏትን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ባለ ሁለት እጀታ አረንጓዴ ሳጥን አሳየችኝና ይሄ ምንድነው አለችኝ። አፌ ላይ የሚያምር ነገር መጣ፤ የባቡሩ ጆሮ ናት ልላት ነበር፣ ገና ሳልጀምረው ራሴን ሊያስቀኝ ደረሰ።

ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ፤ ጋሽ አብዲ ቀና ብሎ አየኝ። ወደ አዴ ዘይነብ ዞርኩ። እሷ መቀመጫዋ ላይ እንዳለች አንገቷን ዘርግታ ሳጥኗን ብዙ ጊዜ አየቻት።

«እኔም አላውቃትም» አለች።

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። ጋሽ አብዲ መነጽሩን አወለቀ። ሁላችንም፣ ተማሪዎቹም መምህርቷም ሸሚኖዎቹም፣ ዙሪያዋን ቆመን አየናት። ማንም አልነካትም።